በአየር 312፣ በመንገድ 447፦ በሁለት ከተሞች መካከል ያለውን የጉዞ ሰዓት ማስላት እንዴት እንደተማርኩ

እናቴ የዳሌ ቀዶ ሕክምና ካደረገች ከሦስት ወር በኋላ የክትትል ቀጠሮ የተሰጣት ቀዶ ሕክምናው በተደረገበት ከተማ ነበር፤ እኛ የምንኖረው ደግሞ በሌላ ከተማ ነው። ቀጠሮው ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ነበር። ከጉዞው ሁለት ቀን በፊት በስልኬ ላይ የርቀት ማስያ ከፍቼ የሁለቱን ከተሞች ስም ሳስገባ «312 ኪሎ ሜትር» የሚል ቁጥር ወጣልኝ። በሰዓት በአማካይ 80 ኪሎ ሜትር ብንጓዝ አራት ሰዓት እንኳ አይሞላም ብዬ ደመደምኩ። ከንጋቱ 12 ሰዓት ተነስተን ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ እንደርሳለን፣ መንገድ ላይ አንድ ነገር ቢያጋጥመን እንኳ አራት ሰዓት ሙሉ መጠባበቂያ አለን ብዬ ለእናቴም ለታናሽ ወንድሜም ነገርኳቸው።

የደረስነው ከቀኑ 9 ሰዓት ከ20 ላይ ነው።

እናቴ የራጅ ፊልሟን የያዘውን ትልቅ ፖስታ ጭኗ ላይ አድርጋ፣ በአንድ እጇ ከበሩ በላይ ያለውን መያዣ ጥብቅ አድርጋ ይዛ፣ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ ተጓዘች። በጠመዝማዛው መንገድ ላይ መኪናው በዞረ ቁጥር ክብደቷ በታከመው ጎኗ ላይ ያርፍ ስለነበር እጇን ከመያዣው ማንሳት አልቻለችም፤ ስንደርስ ጣቶቿ ደንዝዘው መዘርጋት አቅቷት ነበር። በእንግዳ መቀበያው የነበረችው ሠራተኛ «ዶክተሩ ወጥተዋል እማማ፤ ለሚቀጥለው ሳምንት ልያዝልዎት?» አለቻት። ጥፋቱ የሆስፒታሉም የመንገዱም አልነበረም፤ አንድ ቁጥር ምን እንደሚለካ ሳልጠይቅ ያመንኩት እኔ ነበርኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ይህንኑ መንገድ በመኪናም በአውሮፕላንም ደጋግሜ ተመላልሼበታለሁ፤ በየጉዞው ሰዓቱን በደብተር እየያዝኩ ስለነበር ዛሬ የምጽፈው የታመመ ሰው፣ አረጋዊ ወይም ሕፃን ይዞ ከአንድ ከተማ ወደ ሌላ ከተማ ለመሄድ ለሚያስብ ሰው ይጠቅማል ብዬ ከልቤ አምናለሁ።

በመጀመሪያ ያወቅሁት ያ 312 ኪሎ ሜትር የመንገድ ርቀት አለመሆኑን ነው። ብዙዎቹ የርቀት ማስያዎች የሚሰጡት በሁለት ነጥቦች መካከል በምድር ገጽ ላይ ሊሰመር የሚችለውን አጭሩን መስመር፣ በተለምዶ የአየር ርቀት የምንለውን ነው። ምድርን 6,371 ኪሎ ሜትር ሬዲየስ ያላት ድቡልቡል ኳስ አድርገው ይወስዱና የከተሞቹን ኬክሮስና ኬንትሮስ ብቻ ይዘው ያሰላሉ፤ በመካከል ተራራ ይኑር፣ ሐይቅ ይኑር፣ ገደል ይኑር አያውቁም። ምድር በወገቧ ጥቂት ሰፋ፣ በዋልታዎቿ ጥቂት ጠፍጠፍ ያለች በመሆኗ ውጤቱ ከትክክለኛው ርቀት ቢበዛ በግማሽ በመቶ ገደማ ሊለይ ይችላል፤ ይህ ደግሞ ለመንገደኛ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ስሌቱ ትክክል ነበር፤ እኔ መጠየቅ የነበረብኝ ጥያቄ ግን ሌላ ነው።

ቁጥሩ ከየት እንደመጣ በወረቀት ላይ አስልቼ ማየቴ ብዙ ነገር ግልጽ አድርጎልኛል። አንድ ዲግሪ ኬክሮስ በየትኛውም ቦታ 111 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አንድ ዲግሪ ኬንትሮስ ግን 111 ኪሎ ሜትር የሚሆነው በምድር ወገብ ላይ ብቻ ሲሆን፣ ወደ ዋልታዎች በተጠጋን ቁጥር እየጠበበ ሄዶ በ60 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ ግማሽ ይሆናል። የእኛ ሁለት ከተሞች በ10 ዲግሪ ኬክሮስ አካባቢ የሚገኙ ሲሆን፣ ከሰሜን ወደ ደቡብ 2 ዲግሪ፣ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብም 2 ዲግሪ ይራራቃሉ። የመጀመሪያው 222 ኪሎ ሜትር፣ ሁለተኛው 219 ኪሎ ሜትር ገደማ ይመጣል፤ እያንዳንዱን በራሱ አባዝተን፣ ሁለቱን ደምረን ስኩዌር ሩቱን ስናወጣ 312 ኪሎ ሜትር እናገኛለን። ይህ አቋራጭ ለአጭር ርቀት ብቻ የሚሠራ ነው፤ በረጅም በረራ የምድር ክብነት መግባት አለበት። ከለንደን ወደ ሎስ አንጀለስ የሚወስደው አጭሩ መስመር በግሪንላንድ ላይ የሚያልፈው፣ በጠፍጣፋ ካርታ ላይ ግን ዙሪያ ጥምጥም የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው።

መለኪያውን ሳያዩ ቁጥሩን ብቻ ማንበብም ያሳስታል። በአንድ ማስያ ላይ ኪሎ ሜትር፣ ማይልና የባሕር ማይል ጎን ለጎን ሊወጡ ይችላሉ። አንድ ማይል 1.609 ኪሎ ሜትር ሲሆን በአቪዬሽንና በመርከብ ጉዞ የሚሠራበት የባሕር ማይል 1.852 ኪሎ ሜትር ነው። ስለዚህ 300 የሚለው ቁጥር እንደ መለኪያው 300፣ 483 ወይም 556 ኪሎ ሜትር ሊሆን ይችላል።

ወደ መንገዱ ልመለስ። በመኪናችን ኪሎ ሜትር ቆጣሪ ላይ ያነበብኩት ርቀት 447 ነው፤ ይህም የአየሩን ርቀት በ1.43 የማባዛት ያህል ነው። መንገዱን ገና ለማያውቅ ሰው የአየር ርቀትን በ1.2 ወይም በ1.3 ማባዛት ለሜዳማና መንገድ ለበዛበት አካባቢ ጥሩ ግምት ይሰጣል፤ ተራራ ካለ በ1.4 ወይም ከዚያ በላይ ማባዛት ይሻላል። ከኒው ዮርክ እስከ ሎስ አንጀለስ የአየሩ ርቀት 3,940 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን የመንገዱ 4,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በረጅምና ቀጥ ባለ አውራ ጎዳና ላይ ልዩነቱ ይህን ያህል ይጠባል። በሌላ በኩል ቦነስ አይረስና ሞንቴቪዴዮ በአየር የሚራራቁት 200 ኪሎ ሜትር ያህል ሆኖ ሳለ፣ በመካከላቸው የሪዮ ዴ ላ ፕላታ ሰፊ ውኃ ስላለ በመኪና የሚሄድ ሰው ውኃውን ዞሮ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ መንዳት አለበት። እንዲህ ባለ ቦታ ላይ ምንም ዓይነት የማባዣ ቁጥር አይረዳም፤ ካርታውን በዓይን ማየት ብቻ ነው የሚያዋጣው።

ውኃ ባለበት ቦታ ደግሞ ድልድይ መኖር አለመኖሩ ሁሉን ነገር ይለውጠዋል። ኪንሻሳና ብራዛቪል በኮንጎ ወንዝ ግራና ቀኝ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ዋና ከተሞች ሲሆኑ የሚያገናኛቸው ድልድይ ግን የለም፤ ተሻጋሪው በጀልባ ነው የሚሄደው። ኮፐንሃገንና ማልሞ እ.ኤ.አ. በ2000 በድልድይና በውኃ ውስጥ ዋሻ ሲገናኙ በካርታ ላይ ያለው ርቀታቸው አንድ ሜትር እንኳ አልቀነሰም፤ በመኪና የሚወስደው ጊዜ ግን የመርከብ ሰልፍ መጠበቅ ቀርቶለት ሌላ ሆነ። በፓናማና በኮሎምቢያ መካከል ደግሞ 100 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ የሌለው ጫካና ረግረግ ስላለ፣ ከፓናማ ሲቲ ቦጎታ ድረስ መኪና እየነዱ መሄድ አይቻልም፤ የርቀት ማስያው ግን የአየሩን ርቀት ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ይሰጣል።

ለእኔ ትልቁ ትምህርት የነበረው ግን የሰዓቱ ነገር ነው። ለተዛወረው ቀጠሮ ስንሄድ አንድ ቀን ቀደም ብለን ተነሳን፤ ወንድሜ ሲነዳ እኔ ደብተርና እስክሪብቶ ይዤ ከጎኑ ተቀመጥኩና የመንገዱ ጠባይ በተለወጠ ቁጥር ሰዓቱንና የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ንባብ ጻፍኩ። ከከተማችን እስክንወጣ ያለው 38 ኪሎ ሜትር በመኪና መጨናነቅ የተነሳ 1 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ወሰደብን። ቀጥሎ ያለው 162 ኪሎ ሜትር ሜዳማ መንገድ በ2 ሰዓት አለቀ። ከዚያ ተራራው መጣ፤ 96 ኪሎ ሜትር ብቻ ቢሆንም 2 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ፈጀ። ከተራራው ማዶ ያለው 120 ኪሎ ሜትር በ1 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ተጠናቀቀ፤ ወደ ከተማው መግቢያ ያለው 31 ኪሎ ሜትር ደግሞ 35 ደቂቃ ወሰደ። መኪናው በእንቅስቃሴ ላይ የነበረበት ጊዜ በጠቅላላ 7 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ነው፤ በየቦታው የቆምነው ሲጨመር ጉዞው 9 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ሆነ።

የተራራውን ቁጥር ደጋግሜ አየሁት። ከመንገዱ ርዝመት ከአምስት አንድ እጅ ትንሽ ቢበልጥ ነው፤ ከመንዳቱ ሰዓት ግን ሲሶውን ወስዷል። ካርታ ላይ የተራራውን መንገድ መነሻና መጨረሻ በቀጥታ ብለካው 41 ኪሎ ሜትር ነው፤ መንገዱ ግን ዳገቱን ለማለዘብ እባብ እንደሄደበት እየተጠማዘዘ ከእጥፍ በላይ ይረዝማል። በዚያ ላይ ከባድ የጭነት መኪኖች በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰቱ ሲወጡ፣ ፊት ለፊት የሚመጣውን ማየት በማይቻልበት ኩርባ ማንም ጤነኛ ሰው አይቀድማቸውም፤ ከኋላቸው ተከትሎ መሄድ ነው። ቁልቁለቱም አያፈጥንም፤ ፍሬን እንዳይግል በዝቅተኛ ማርሽ መውረድ ግዴታ ነው።

አማካይ ፍጥነትን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን አንድ ስሌት ላሳይ። የመንገዱን ግማሽ በሰዓት 40፣ ቀሪውን ግማሽ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የተጓዘ ሰው አማካይ ፍጥነቱ 60 ይመስለዋል፤ ትክክለኛው ግን 53 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ምክንያቱም በዝግታ በሚጓዝበት ክፍል ላይ የሚያሳልፈው ጊዜ በጣም ይበዛል። ስለዚህ በዝግተኛው ክፍል የጠፋውን ጊዜ በፈጣኑ ክፍል ላይ በማክነፍ ማካካስ የማይቻል ያህል ነው። በ162 ኪሎ ሜትሩ ሜዳ ላይ አማካይ ፍጥነታችንን ከ81 ወደ 95 ብናሳድገው የምናተርፈው 18 ደቂቃ ብቻ ነው። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ፍሬን ተይዞ መኪናው እስኪቆም የሚሄደው ርቀት አራት እጥፍ እንደሚሆን ለሚያውቅ ሰው፣ ያ 18 ደቂቃ ምን ያህል ውድ እንደሆነ መናገር አያስፈልገኝም። እባካችሁ፣ የዘገያችሁትን ሰዓት በነዳጅ መርገጫው ላይ አትፈልጉት።

ማረፊያን ከጉዞ ሰዓት ውጪ ማሰብም የእኔ ስህተት ነበር። ዳሌዋን የታከመች እናት በየሰዓት ተኩሉ ወርዳ ጥቂት መራመድ አለባት፤ ለመውረድና ለመሳፈር ብቻ ደቂቃዎች ያስፈልጋሉ። ለነዳጅ፣ ለምግብና ለመጸዳጃ የሚወጣውን ጨምሮ በሁለቱም ጉዞዎች ላይ የቆምንበት ጊዜ ከአንድ ሰዓት ተኩል ያላነሰ ነበር። ሾፌሩም ሰው ነው። በአውሮፓ ኅብረት የከባድ መኪናና የአውቶቡስ ሾፌር ለአራት ሰዓት ተኩል ከነዳ በኋላ ቢያንስ 45 ደቂቃ ማረፍ አለበት፤ በቀን የሚነዳውም በመደበኛው 9 ሰዓት ነው። ሥራው መንዳት ለሆነ ሰው ይህ ከታዘዘ፣ እንደ ወንድሜ አልፎ አልፎ ብቻ ረጅም መንገድ ለሚነዳ ሰው ሳያርፍ የሚነዳው ሰዓት ይበልጥ ማነስ አለበት ብዬ ስለማምን እኛ በየሁለት ሰዓቱ 15 ደቂቃ መቆምን ልማድ አድርገናል። በሌሊት ተነስቶ ጊዜ ማትረፍ የሚለው ሐሳብም አይዋጥልኝም፤ ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት ያለው ሰዓት ሰውነት እንቅልፍ የሚጠይቅበት ነውና።

ከሁለተኛው ጉዞ በኋላ እናቴን በአውሮፕላን ለመውሰድ ወሰንኩ። በትኬቱ ላይ የተጻፈው የበረራ ጊዜ 55 ደቂቃ ነበር፤ እኔም ዘጠኝ ሰዓት ወደ አንድ ሰዓት ሊወርድልን ነው ብዬ ተደሰትኩ። ይህም ሌላ ስህተት ነበር፤ ያነሰ ቢሆንም።

በመጀመሪያ፣ 312 ኪሎ ሜትርን በሰዓት 850 ኪሎ ሜትር ለሚበር ጄት ብናካፍለው 22 ደቂቃ ብቻ ይመጣል፤ ታዲያ 55 ደቂቃ ከየት መጣ? በትኬት ላይ ያለው ሰዓት የሚቆጠረው አውሮፕላኑ ከቆመበት ቦታ ከተንቀሳቀሰበት ቅጽበት ጀምሮ በመድረሻው ማረፊያ ላይ እስኪቆም ድረስ ነው። ወደ ማኮብኮቢያው መጓዝ፣ ተራ መጠበቅ፣ መነሳት፣ ወደ ከፍታ መውጣት፣ መውረድና ለማረፍ መሰለፍ ሁሉ በውስጡ አለ። በአጭር በረራ ላይ አውሮፕላኑ በሙሉ ፍጥነቱ የሚበርበት ጊዜ እጅግ ጥቂት ነው፤ በአጭር መስመር ላይ በብዛት የሚሠሩት ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላኖች ደግሞ ከጄት ያነሰ ፍጥነት አላቸው፤ ብዙዎቹ በሰዓት 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የሚበሩት። ስለዚህ የአየር ርቀትን ለጄት ፍጥነት አካፍሎ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት መጨመር የመጀመሪያ ግምት ይሰጣል፤ የበረራ ፕሮግራሙ ላይ የተጻፈው ግን ከማንኛውም ስሌት ይሻላል።

ከዚያ በኋላ ከቤት እስከ ቤት ያለው ሰዓት አለ። ከቤታችን እስከ አውሮፕላን ማረፊያው 1 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ሄድን። ለአገር ውስጥ በረራ በተለምዶ እንደሚመከረው ሁለት ሰዓት ቀድመን ደረስን፤ ለዓለም አቀፍ በረራ ሦስት ሰዓት ይባላል። በረራው 25 ደቂቃ ዘገየ። 55 ደቂቃ በረርን። ከአውሮፕላን መውረድ፣ ተሽከርካሪ ወንበር መጠበቅና ሻንጣ መቀበል 45 ደቂቃ፣ ወደ ከተማው መግባት ደግሞ 50 ደቂቃ ወሰደ። ጠቅላላው 6 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ነው። በእርግጥ ከመኪናው ከሦስት ሰዓት በላይ ይቀንሳል፤ ከሰዓቱ ይልቅ ግን እናቴን የጠቀማት በዚያ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ጎኗን ደግፋ አለመቀመጧ ነው። ተሽከርካሪ ወንበር ለሚያስፈልገው ሰው አንድ ነገር ላስታውስ፤ አየር መንገዶች በብዛት የሚጠይቁት ቢያንስ ከ48 ሰዓት በፊት እንዲነገራቸው ነው። እኛ አስቀድመን ባንናገር ኖሮ በማረፊያው ረጅም ኮሪደር ላይ እናቴ በእግሯ መሄድ ነበረባት።

የአውሮፕላን ማረፊያው ከከተማው ያለውን ርቀት አለማየት ስሌቱን ሙሉ በሙሉ ሊያበላሽ ይችላል። የናሪታ አውሮፕላን ማረፊያ ከቶኪዮ መሐል 60 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ የሃኔዳው ግን በዚያው ከተማ ውስጥ ቅርብ ነው። ትኬቱ ላይ «ቶኪዮ» ተብሎ ሲጻፍ ለመንገደኛው ያለው ልዩነት ከአንድ ሰዓት በላይ ሊሆን ይችላል። የርቀት ማስያዎችም አንዳንዶቹ ከመሐል ከተማ እስከ መሐል ከተማ፣ ሌሎቹ ከማረፊያ እስከ ማረፊያ ስለሚለኩ ሁለት ቦታ ተፈልጎ ሁለት የተለያየ ቁጥር ቢገኝ አያስገርምም።

በረጅም በረራ ላይ ነፋስም ይቆጠራል። በከፍታ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ኃይለኛ የአየር ሞገድ ከለንደን ወደ ኒው ዮርክ የሚሄደውን በረራ ስለሚያዘገየው፣ ሲመለስ ደግሞ ስለሚገፋው የሁለቱ ጉዞ ልዩነት አንድ ሰዓት ያህል ይሆናል። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2020 በማዕበል ወቅት አንድ የመንገደኞች አውሮፕላን ከኒው ዮርክ ለንደን በ4 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ደርሷል። የመነሻና የመድረሻ ሰዓት በትኬት ላይ የሚጻፈው በየከተማው አቆጣጠር መሆኑንም መዘንጋት አያስፈልግም፤ ከሰዓት ቀጣና ወደ ሰዓት ቀጣና ሲሻገሩ ሁለቱን በቀጥታ መቀናነስ የተሳሳተ መልስ ይሰጣል።

ታዲያ መቼ በመኪና፣ መቼ በአውሮፕላን? እኔ የምጠቀምበት ስሌት እንዲህ ነው። በአየር ጉዞ ከበረራው ውጪ የሚጠፋውን ጊዜ ሁሉ ደምሬ፣ ለመነሳትና ለማረፍ ግማሽ ሰዓት ጨምሬ፣ አምስት ሰዓት ያህል ቋሚ ወጪ አድርጌ እይዛለሁ። መኪናው በሰዓት በአማካይ 65 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ከሆነ ሁለቱ የሚተካከሉት በ350 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፤ በዚያ ርቀት ላይ መኪናውም አውሮፕላኑም አምስት ሰዓት ተኩል ገደማ ይወስዳሉ። መንገዱ መጥፎ ሆኖ አማካዩ 50 ቢሆን መተካከያው ወደ 270 ይወርዳል፤ ሰፊ አውራ ጎዳና ሆኖ አማካዩ 90 ቢሆን ደግሞ ወደ 500 ይወጣል። ይህ ስሌት የመንገዱንና የአየሩን ርቀት እኩል አድርጎ የወሰደ ስለሆነ፣ ጠመዝማዛ መንገድ ሲሆን ሚዛኑ ይበልጥ ወደ አውሮፕላኑ ያጋድላል። የአምስት ሰዓቱን ቁጥር ግን ከእኔ አትውሰዱ፤ ከቤታችሁ እስከ ማረፊያው ያለውን መንገድ የምታውቁት እናንተ ናችሁ፣ በራሳችሁ ደምሩት። በቀን አንድ በረራ ብቻ ባለበት መስመር ላይ ደግሞ በረራው ከተሰረዘ የሚጠፋው ሰዓት ሳይሆን ቀን ስለሆነ፣ ለማይታለፍ ቀጠሮ እኔ ሁልጊዜ አንድ ቀን ቀድሜ እሄዳለሁ።

በስልክ ካርታ ላይ የሚታየው የጉዞ ሰዓት ከቀጥታ መስመሩ ቁጥር እጅግ የተሻለ ነው፤ መንገዱን ተከትሎ ስለሚቆጥር። ነገር ግን የሚነግራችሁ የመንዳቱን ሰዓት ብቻ ነው፤ ማረፊያ የለበትም። የሚፈለገውንም የመነሻ ሰዓት ማስገባት ይገባል፤ ማታ ቤት ተቀምጦ ያዩት የመንገድ ሰዓትና ጠዋት ሰው ሁሉ ወደ ሥራ ሲወጣ ያለው አንድ አይደለም። እኔ ካርታው ለሚሰጠኝ ሰዓት በየሁለት ሰዓቱ 15 ደቂቃ፣ ለምግብ 40 ደቂቃ፣ ለመንገድ ጥገናና ላልታሰበ ነገር ደግሞ ከጠቅላላው አሥር በመቶ እጨምራለሁ። ከእናቴ ጋር ስሄድ በየሰዓት ተኩሉ አደርገዋለሁ። መልሱ ጉዞ ላይ ሰዓቱ እኩል ይሆናል ብሎ መገመትም አይገባም፤ የተራራው ክፍል በእኛ መመለሻ አቅጣጫ ዳገቱ አጭር ስለሆነ በ2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ነው የሚያልቀው።

ባለፈው ቀጠሮ ለሚያስፈልጉን ቀናት የበረራ ቦታ ስላላገኘን እንደገና በመኪና ሄድን። በዚህ ጊዜ መንገዱን ለሁለት ከፈልነው። በመጀመሪያው ቀን ከከተማው መጨናነቅ በኋላ ተነስተን 200 ኪሎ ሜትር ብቻ ሄደን ከተራራው ግርጌ ባለች ትንሽ ከተማ አደርን፤ በማግስቱ ንጋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ የጭነት መኪኖቹ ሳይበዙ ዳገቱን ጀመርን። በደብተሬ ላይ ለሁለተኛው ቀን የጻፍኩት ግምት 5 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ነበር፤ የወሰደብን 6 ሰዓት ነው። እናቴ በጉዞው መካከል «ስንት ይቀረናል?» ብላ ስትጠይቀኝ ደብተሩን አይቼ «ተራራው ሊያልቅ 20 ኪሎ ሜትር ቀርቶታል፤ ግማሽ ሰዓት ታገሺኝ፣ ከዚያ ወርደሽ ትራመጃለሽ» አልኳት። ከሆስፒታሉ በር ላይ የቆምነው ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ላይ ሲሆን ቀጠሮዋ 8 ሰዓት ነበር፤ ተራዋ እስኪደርስ ፖስታውን ለወንድሜ ሰጥታ በመጠባበቂያው ክፍል ወንበር ላይ ጥቂት አሸለበች።